ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን

ኢንተርኔት ቤት የከፈትኩት ቁጭ ብዬ ለመብላት ነበር። ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተር ትደረድሪያለሽ፣ ወንበር ታቀርቢያለሽ፣ አንቺ በሩ ላይ ቁጭ። አዬ ቁጭ ማለት! ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ ባጃጅ ሲጮህ በሚውልበት መንገድ ዳር፣ ከሚሊኒየሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። መብራት አለ ሲባል ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ መጣ ሲባል መብራት ይሄዳል። ሁለቱ የተገናኙ ቀን ደግሞ ሰው ይመጣል።

ከሁሉም የሚያደክመኝ እሱ ነበር፣ ሰው። ጠዋት ገብቶ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ከስክሪኑ ዓይኑን የማይነቅል ጎረምሳ አለ፤ «ተነስ እስቲ፣ ውሃ ጠጣ፣ ዓይንህ እኮ በርበሬ መስሏል» ስለው «አንዴ ብቻ» ይለኛል። ከረባት ያሰሩ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ «ይህን መልእክት ለአስር ሰው ያልላከ መዓት ይወርድበታል» የሚል ነገር ደርሷቸው፣ ላብ በላብ ሆነው አስር ሰው ሲፈልጉ አይቻለሁ። አስረኛው ቢጠፋቸው የኔን አድራሻ ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ መዓቱን ወደ እኔ ሊያዞሩት ነው?» አልኳቸውና ኮምፒውተሩን ዘጋሁባቸው።

ልቤን ያደረቁት ግን ታቦር ሰፈር፣ መኖሪያ ቤቴ አጠገብ ያሉት ጎረቤቴ ናቸው። አጥራችን አንድ ነው። ገበያው አጠገብ ብትን ጨርቅ ይሸጣሉ። ሴት ልጃቸው እዚህ ኮሌጅ ስታስተምር ቆይታ ለሁለተኛ ዲግሪ ህንድ አገር ሄዳለች። ስልኩ ውድ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቃቸውን ዘግተው ይመጡና ኢሜይል ያስጽፉኛል። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ያኔ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምንጽፈው።

ገና ከደጅ የይለፍ ቃላቸውን ጮክ ብለው ይጠሩታል። የሚስታቸው ስም ነው። «ጋሼ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ! ይሄ እኮ የቤት ቁልፍ ማለት ነው» እላቸዋለሁ። «ምን ምስጢር አለኝና ነው የኔ ልጅ? ይስሙታ!» ይሉና ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ይጀምራሉ። «ለምንወድሽና ለምንናፍቅሽ ልጃችን፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን በጣም ደህና ነን።» ከዚያ የአክስት ሰላምታ፣ የአጎት ሰላምታ፣ የዕድሩ ዳኛ ሰላምታ፣ የኔም የጎረቤቲቱ ሰላምታ ይከተላል። «ርዕሱን ምን ልበለው?» ስላቸው «ሰላምታ በይው» ነው መልሱ። የልጅቱ የኢሜይል ሳጥን ከላይ እስከ ታች ሰላምታ ብቻ ነበር። እሷም በበኩሏ በየሳምንቱ «እኔም ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብላ ትመልሳለች።

እንዲህ እያልን ሳለ እትዬ ታመሙ። ሚስታቸው ማለቴ ነው። ጉበት ነው ተባለ። ሐኪሙ ጋሼን ለብቻቸው ጠርቶ «ሊያዩት የሚፈልጉት ሰው ካለ ቶሎ ይምጣላቸው» ብሏቸዋል። ለእትዬ ማንም አልነገራቸውም፤ እሳቸው ግን ሞኝ አይደሉም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «ልጄን ሳላያት እንዳልሄድ ብቻ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉኝ። «እሱ እንደሆነ አይነግራትም። አንቺ ንገሪልኝ።»

ልጅቱም አንድ ነገር ሸቷት ኖሮ ያንኑ ሰሞን እንዲህ ብላ ልካለች። «ባለፈው ስደውል የእማዬ ድምፅ ደከም ብሎብኛል። ፈተናዬ ወር ቀርቶታል። ጨርሼ ልምጣ ወይስ አሁኑኑ ልነሳ? እውነቱን ጻፉልኝ።» ጥያቄ ማለት ይሄ ነው፤ እንደ ሚስማር ቀጥ ያለ። ጋሼ ሲመጡ አነበብኩላቸው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ለምንወድሽና ለምንናፍቅሽ ልጃችን...» ብለው ጀመሩ።

«ጋሼ!»

«ምነው?»

«ልጅቷ እሱን አይደለም እኮ የጠየቀችው።»

«እሺ፣ እናትሽን ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል በይ።»

«ጉንፋን?»

«ታዲያ በሰው አገር ብቻዋን ክው ብላ ትቅር? መርዶ በሽቦ ይነገራል እንዴ?»

«እትዬ አልሞቱም እኮ! ዛሬ ካልነገርናት ነው መርዶ የሚሆነው።»

የይለፍ ቃላቸውን ለመንደሩ በሙሉ የሚያውጁ ሰው የሚስታቸውን ሕመም ከገዛ ልጃቸው ሊደብቁ! ደከመኝ። እውነቴን ነው የምለው፣ ያን ቀን እንደደከመኝ ደክሞኝ አያውቅም። ወረፋ የሚጠብቁትም ገቡበት፤ ግማሹ ከኔ ወገነ፣ ግማሹ ከእሳቸው። አንዲት ሴትዮ «በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይላክም፣ ነውር ነው» ብላ ተቆጣችኝ። ጎረምሳው እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስክሪኑ ዞር አለ። በመጨረሻ ጋሼ ዓይናቸውን አሹና «እንግዲያስ እንዳሻሽ ጻፊው። እኔ አፌ አይለውም» ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ እኔም ስክሪኔን አየሁ።

ርዕሱ ላይ «ስለ እናትሽ ጤና» አልኩ። ሰላምታውን ሁሉ ትቼ በአባትየው ስም እንዲህ ጻፍኩ። «እናትሽ ጉበቷን በጣም ታማለች። በሕይወት አለች፤ ልታይሽ ትፈልጋለች። ፈተናውን አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ነይ።» አነበብኩላቸው፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ላክሁት።

መልስ አልመጣም። ስልክም አልተደወለም። ጋሼ ቅዳሜ መጠበቁን ትተው በየቀኑ ብቅ ይላሉ፤ «ገባ?» «አልገባም ጋሼ።» ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ እትዬ ከበረንዳቸው ይጠይቁኛል። «ነገርሻት?» «ነግሬያታለሁ።» «ታዲያ ምን አለች?» ምን ልበል? ኔትወርክ የለም እላለሁ። ፊታቸው ቢጫ እየሆነ፣ ሆዳቸው እየተነፋ፣ ዓይናቸው ግን የውጭውን በር አይለቅም ነበር። ያንን በር እኔም ጠላሁት።

ህንድ አገር የሆነውን ኋላ ልጅቱ ራሷ ነገረችኝ። ርዕሱን ስታይ ገና አልቆላታል። እኛ ዘንድ ለሩቅ ሰው ማን «ሞተች» ይላል? «በጣም ታማለች፣ ቶሎ ነይ» ነው የሚባለው። አያቷ የሞቱ ጊዜ ከትምህርት ቤት የተጠራችው እንዲህ ተብላ ነው፤ አጎቷም የሞተ ጊዜ እንዲሁ። «በሕይወት አለች» የሚለውን ስታነብማ የቀረቻት ተስፋም ሄደች። ለመሆኑ በሕይወት ስላለ ሰው «በሕይወት አለ» ብሎ የሚጽፍ ማን ነው? ያን ሁሉ ዓመት ደህና ነን ሲላት የኖረ ቤት ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት ነይ ካላት ቀብሩም አልፏል ማለት ነው። አልደወለችም፤ ብትደውልስ ማን እውነቱን ይነግራታል? ትኬት ስትፈልግ ሰነበተች። አዲስ አበባ ስትደርስ የአክስቷ ልጅ ተቀበላትና «እናትሽ ደህና ናት፣ አታልቅሺ» አላት። ይኸው! ለሐዘንተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚባለው ይሄው አይደል?

የመጣች ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ ቤቴ ነበርኩ። ረፋድ ላይ ነው። እትዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። መኪና ቆመ። ልጅቱ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወረደችና ገና ከበሩ እሪ አለች። ቀና ብላ አላየችም፤ ደረቷን እየደቃች፣ መሬት መሬቱን እያየች ገባች።

«እማዬ! ስትቆጪኝ ያኮረፍኩሽ፣ ዛሬ ማን ይቆጣኝ? እማዬ! በየሳምንቱ ደህና ነኝ ስልሽ ደህና አልነበርኩም! ራቴን ብቻዬን እየበላሁ፣ አንድ ጉርሻ ላንቺ አስቀምጥልሽ ነበር! እማዬ!»

ጋሼ ከውስጥ ሮጠው ወጡ። «ኧረ ልጄ፣ ኧረ አለች!» ጎረቤቱም ተሰብስቦ «አለች፣ አለች» ይላታል። እሷ ባሰባት። እኔ አጥሩን ይዤ ቀረሁ።

«ተዉአት!» አሉ እትዬ።

ያ ድምፅ በደጉ ቀን ጎረቤት ሁሉ የሚፈራው ድምፅ ነው። ልጅቱ ቀና አለች። አየቻቸው። እዚያው ዘጭ አለች።

እትዬ ከጋቢው ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ጠሯት፤ እየተንፏቀቀች ሄዳ ጭናቸው ላይ ወደቀች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ ቀስ ብለው አንስተው አስተካከሉላት። ሁላችንም ስቅስቅ ብለን ስናለቅስ እሳቸው ብቻ አላለቀሱም።

«ምነው አቋረጥሽው?» አሏት ራሷን እየዳበሱ። «ያን ራት ብቻዬን እየበላሁ ያልሽውን ጨርሺልኝ እንጂ። እሱን አልጻፍሽልኝም።»

ልጅቱም እዚያው ጭናቸው ላይ እንዳለች ነገረቻቸው።