የእህቴ ፀጉር ሉጫ የሆነበት ዓመት

እህቴ ወደ ቤታችን የተመለሰችው የባሏ አርባ በወጣ በሳምንቱ ነው። ባሏ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ሳንባውን ታሞ ሞተ ተባለ፤ እኛም ለጠየቀን ሁሉ እንደዚያው አልን። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ገርጂ ገና ዳር አገር ነበረች። ከመገናኛ በሚኒባስ መጥተን አስፋልቱ ካለቀበት እንወርድና፣ ክረምት ከሆነ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ጭቃውን እያቦካን ነበር ቤት የምንገባው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናታችን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። እህቴ ሻንጣዋን ይዛ ስትገባ ቤቱ የሦስት ሴቶች ቤት ሆነ።

በዐሥር ዓመት ስለምትበልጠኝ በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ እታለም ነበር የምላት። እሷ ደግሞ ሚጡ ትለኛለች። ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ተቀጠረች። ጠዋት ስትወጣ ሁልጊዜ ፀጉሯ የተሠራ ነው፤ ግን ፀጉር ቤት ገብታ አታውቅም። "እዛ ይቸኩላሉ። እርጥቡን ፀጉር በካውያ ሲተኩሱት ሲጨስ በዓይኔ አይቻለሁ" ትል ነበር። የሷ ፀጉር ከርዳዳና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሁለት ማበጠሪያ ጥርሱ ሲረግፍባት አይቻለሁ። እሷ ግን አትጣላውም። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታጥበዋለች፣ ቅቤ ትቀባዋለች፣ ላዩ ላይ ፌስታል አስራ ፀሐይ ላይ ትቆያለች፣ ከዚያ ታጥባ በቢጎዲን ትጠቀልለዋለች ወይም ሹሩባ ትሠራዋለች። የራሷን ስትጨርስ የኔን ትሠራለች። የኔን ስትጨርስ ጎረቤቶች ይመጣሉ።

ከጎረቤቶች ሁሉ የማይቀሩት የባለሱቁ ሚስት ነበሩ። ሱቃቸው ከኛ አጥር ማዶ ነው። ከቡታጅራ በኩል የመጡ፣ ሳቂታ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናቸው። የራሳቸውን ማበጠሪያና በሲኒ ለጋ ቅቤ ይዘው ይመጣሉ። እህቴ ጭናቸው መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርጋ ታስቀምጣቸውና ጀርባቸውን በጉልበቶቿ መሀል ይዛ ትጎነጉናለች። "እጅሽ መድኃኒት ነው፤ አንድ ፀጉር አትነቅይብኝም" ይሏታል። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያችን የሰርግ ዋዜማ ይመስል ነበር።

ከመጣች በሁለተኛው ዓመት የእህቴ ፀጉር ተለወጠ።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ማበጠሪያው ሳይታገል ያልፍ ጀመር። ጥቅጥቁ ሳስቶ፣ ከርዳዳው እየተፈታ፣ ግንባሯ ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ ሆኖ ይተኛል። በዚያ ዕድሜዬ ከሉጫ ፀጉር በላይ የምመኘው ነገር አልነበረም። ክፍላችን ውስጥ ሉጫ ፀጉር ያላቸው ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ወንዶቹ ሁሉ እነሱን ነበር የሚያዩት።

"እታለም፣ ምን ተቀብተሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም።"

"ትዋሺያለሽ። ለኔም ንገሪኝ።"

መስታወት ይዛ ነበር። ራሷን ለረጅም ጊዜ አየች። "ምንም አልተቀባሁም ሚጡ" አለችና መስታወቱን አልጋው ላይ በፊቱ ደፋችው።

ደበቀችኝ ብዬ አኮረፍኩ። ምግብ ቤቱ ከሚመጣ አንድ የውጭ ሰው ክሬም አግኝታ ለብቻዋ የምትቀባ መሰለኝ። በማግስቱ ስኳር ልገዛ ተልኬ ሱቅ ስሄድ የባለሱቁ ሚስት ከሁለት ሴቶች ጋር ቆመው ያወራሉ። ሰላም ካልኳቸው በኋላ ሆዴ ውስጥ ያለውን ዘረገፍኩት።

"የእህቴ ፀጉር ያለ ካውያ፣ ያለ ምንም ሉጫ ሆነ! የምትቀባውን ግን አልነግርም አለችኝ።"

ሴትየዋ ስኳሩን እየመዘኑ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

"እንዴት አድርጎ ለሰለሰ?"

"እንደ ሕፃን ፀጉር። ግንባሯ ላይ ድፍት ይላል።"

"ከስታለች እንዴ?"

"ትንሽ።"

"ታስላለች?"

"አዎ፣ ጠዋት ጠዋት።"

ሦስቱ ተያዩ። ቀኑባት ብዬ ደስ አለኝ። ስኳሬን ይዤ እየዘለልኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

በዚያ ቅዳሜ እህቴ እንደ ልማዷ ውሃ አሙቃ፣ በርጩማዎቹን አውጥታ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። የራሷን ሠራች፣ የኔን ሠራች፣ አሁንም ማንም የለም። ፀሐዩ ሲያዘነብል የባለሱቁ ሚስት መጡ፤ ግን ከበሩ አላለፉም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

"ግቡ እንጂ፣ ውሃው ሳይበርድ" አለቻቸው እህቴ።

"የለም፣ ዛሬስ አልመቸኝም። ማበጠሪያዬ እዚህ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው።"

ቀርቶ ነበር። እህቴ አጥባ፣ አድርቃ ሰጠቻቸው። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ተቀበሏት። ሰኞ ትምህርት ቤት ስሄድ ያንን ማበጠሪያ ቦዩ ውስጥ አየሁት።

ማታ ቤት ስመለስ ለእህቴ ያየሁትን ነገርኳት። ተንኮል አልነበረም፤ ገርሞኝ ነው። እሷ ግን "ምን ብለሽ ነበር ለነሱ?" አለችኝ። ሱቅ ውስጥ የተባለውን አንድ በአንድ ነገርኳት። ስጨርስ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተቆጣችም።

"አላወቅሽም" አለች። "ይሄ የበሽታ ፀጉር ነው ሚጡ። ባሌም እንዲህ ሆኖ ነበር፤ መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ከዛ ሌላው።"

የበሽታውን ስም አልጠራችውም። ያኔ ማንም አይጠራውም ነበር። እኔ ግን ገባኝ። የገባኝም ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ናቸው፤ እሷ እንደምትሞትና ለሰፈሩ የነገርኩት እኔ መሆኔ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወሬው እንዴት እንደደረሰው አላውቅም፤ ወር ሳይሞላ "ትንሽ እረፊ" ብሎ አሰናበታት። እናቴ አንድ ምሽት ከሥራ ስትመለስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች። አዲስ ማበጠሪያ፣ አዲስ ኩባያ፣ አዲስ ሳህን። ማድ ቤት ጠራችኝና በሹክሹክታ፣ "ይሄ ያንቺ ነው። ከሷ ጋር እንዳይቀላቀል። ፀጉርሽንም ከእንግዲህ እሷ አትሥራልሽ" አለችኝ። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ እህቴ ከወዲያ ማዶ ተኝታለች። መስማቷን ያወቅኩት በመጣው ቅዳሜ ነው።

ውሃ አሙቃ ሁለት በርጩማ አወጣች፤ አንዱን ግን ከወዲያ ጥግ አርቃ አስቀመጠችው። እዚያ ተቀመጠችና መስታወቱን ከፊቴ እንዳደርግ ነገረችኝ።

"እኔ አልነካሽም። በአፌ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትሠሪያለሽ።"

አዲሱን ማበጠሪያ ከቀሚሴ ኪስ አወጣሁ። አየችው።

"ደረቁን አታበጥሪው። ውሃ አርከፍክፊበት፣ ከዛ ቅባቱን አስነኪው። ከሥሩ አይደለም፣ ከጫፉ ጀምሪ። ቋጠሮ ሲያጋጥምሽ አትጎትቺ፤ ማበጠሪያውን አስቀምጪና በጣትሽ ፍቺው።"

ፀጉሬን መክፈል አቃተኝ፤ መስመሩ ይጣመማል። "ይጣመም፣ ማንም በማስመሪያ አይለካሽም" አለች። የኋላውን ስደርስበት መስታወቱ አላሳይ ብሎኝ አለቀስኩ። "ዓይንሽን ጨፍኚ። የኋላውን በጣትሽ ነው የምታዪው።" ጨፈንኩ። ድምፅዋ ብቻ ቀረ። "ግንባርሽ ዳር ያለውን አታጥብቂ። እሱ አንዴ ከተመለጠ አያበቅልም። ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳታቆዪው። ስትተኚ ሻሽ እሰሪ።"

እንዲህ አድርገን አራት ወር ያህል ሠራን። እናቴ በመስኮት ታየናለች፤ አልወጣችም፣ አልከለከለችም። መጨረሻ አካባቢ ክፍሌ ያሉት ልጆች "ማን ሠራሽ?" ብለው ይጠይቁኝ ጀመር። "ራሴ" እል ነበር። እህት እንዳለኝ መናገር አቁሜ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እህቴ ከአልጋ መነሳት አቃታት። እጇን ወደ ራሷ ማንሳት አትችልም። አንድ ቀን እናቴ ሥራ ሄዳ እኔ ከትምህርት ቤት ቀድሜ ገባሁ።

"ሚጡ" አለችኝ። "ፀጉሬ ተያይዞ ትራሱ እያሳመመኝ ነው። ትፈቺልኛለሽ?"

"እሺ" አልኩና ወጣሁ። ማድ ቤት ገብቼ ቆምኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ሽንኩርት የመጣበትን ሁለት ፌስታል ከምስማሩ ላይ አነሳሁ። እጆቼን ከተትኩና አንጓዬ ላይ በላስቲክ አሰርኩት። እንዲያ ሆኜ ተመለስኩ።

አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችልኝ።

ፌስታሉ ጆሮዋ ሥር ይንኮሻኮሻል። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ከጫፉ ጀመርኩ፣ እንዳስተማረችኝ። ግን ፀጉሩ የያዘው ነገር የለም፤ ሳልስበው በእፍኝ በእፍኝ ይመጣል። የመጣውን ከትራሱ ሥር እደብቃለሁ። ፌስታሉ ላብ አምቆ እየተንሸራተተ አንዳንዴ ይስበዋል።

"ላስቲኩን ጠበቅ አድርጊው" አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። "ሲላላ ነው የሚነጨኝ።"

አጠበቅኩት። የቀረውን ፀጉር አራት ቀጫጭን ሹሩባ አድርጌ ጎነጎንኩላት፤ ከዚያ በላይ አልወጣውም። ሻሿን አሰርኩላት።

"አመሰግናለሁ" አለችኝ።

እኛ ቤት እህትና እህት አመሰግናለሁ አይባባሉም። ውሃ ላቀበለን እንግዳ ሰው ነው እንደሱ የምንለው።

ፋሲካ ሳይደርስ ሞተች። የእድር ሴቶች መጥተው አጠቧት፤ እኔን ወደ ጎረቤት ወሰዱኝ። የሠራሁላትን ሹሩባ ፈተውት ይሁን ከነሱ ቀብረዋት አላውቅም፤ ማንንም አልጠየቅኩም። ለቀስተኛው "ምን ሆና ነው?" ሲል እናቴ "ጨጓራዋን" ትላለች። የባለሱቁ ሚስት ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉ በላይ ጮኸው አለቀሱ። "እጇ መድኃኒት የነበረ!" እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ያኔ ልነሳና አፋቸውን ልይዝ ከጀለኝ። እኔስ ከሳቸው በምን እሻል እንደነበር ለማሰብ ዕድሜዬ አልደረሰም።

እናቴ በሦስተኛው ቀን በመቀስ የራሷን ፀጉር ከሥሩ ቆረጠችው። እኔንም አክስቴ ልትቆርጠኝ ስትል እናቴ "እሷን ተያት" አለች። ለምን እንዳለች አልነገረችኝም።

ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን አንዲት ነርስ መጥታ ስለ በሽታው አስተማረችን። በስሙ እየጠራች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ ፀጉር በመሥራት አይተላለፍም አለች። እጄን አውጥቼ ደግማ እንድትናገር ጠየቅኳት። ደገመችው።

ቤት ስገባ እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ፀጉሯ አድጎ፣ ግማሹ ሸብቶ ነበር። ቦርሳዬን ሳላወርድ ቆሜ ነርሷ ያለችውን ነገርኳት። ዓይኗን ከምስሩ አላነሳችም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ሆስፒታል መጀመሪያ የወሰድኳት ጊዜ ነግረውኝ ነበር። በማበጠሪያም በሳህንም አይመጣም ብለውኛል።"

"ታዲያ ለምን?"

"አላመንኳቸውም። ደግሞስ ቢሳሳቱ? አንቺ ብቻ ነበርሽ የቀረሽኝ።"

"እሷም እኮ ነበረች፣ እማዬ። ገና አልሞተችም ነበር።"

እናቴ አንዲት ጠጠር አውጥታ ጣለች። ሌላ ፈለገች። እጇ ሳህኑ ላይ ይመላለሳል እንጂ ከዚያ በኋላ ምንም አላገኘም። አለቀሰች ማለት አልችልም፤ ፊቷ ግን ያረጀው ያን ዕለት ይመስለኛል።

ልጮህባት ብዬ ነበር የገባሁት። መንገዱን ሙሉ፣ ከታክሲው ወርጄ እስከ በራችን ድረስ፣ የምላትን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ግን አፌን ስከፍት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እማዬ ማበጠሪያሽ ለብቻ ይሁን አለች፤ እሷ አትሥራሽ አለች። እጅሽን በፌስታል ሸፍኚ ግን አላለችኝም። ያንን ማንም አላዘዘኝም። እማዬ አታውቀውም፤ እስካሁንም አልነገርኳትም።

ቦርሳዬን አወረድኩ። በርጩማ ስቤ ከአጠገቧ ተቀመጥኩና ከምስሩ ላይ አብሬያት መልቀም ጀመርኩ።