ምርመራ ያላለፈችው ብርማ መኪና

ፈቃዱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አዳማ ውስጥ መኪና ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። ለቦሎ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ መኪናው ጤነኛ እንደሆነ ይምላል፤ ፈቃዱ ግን ከመኪናው ሥር ያለው የመመርመሪያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ባሌስትራውን በመዶሻ ካላንኳኳ የማንንም መሐላ አይቀበልም። ለምርመራው ቀን ብቻ ደህና ጎማ ተውሶ የሚመጣ እንዳለ ያውቃል። የተቀደደ የጭስ ማውጫ በጭቃ ደፍኖ የመጣም አጋጥሞታል። ይህ ጠባይ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገብቷል። ሁሩታ ያለችው እህቱ ማር ስትልክለት እንኳ ባዕድ ነገር እንዳልገባበት ክብሪት ነክሮ ሳይጭር አይቀምስም። ባለቤቱ ቦንቱ “ደህና ነኝ” ስትለው ፊቷን ሁለት ጊዜ ያያል።

ባለፈው ጥር ሥራ ላይ እንዳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ከዳው። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ ብርጭቆ ይዞ መቆየት አቃተው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሳሊህ ጣቶቹ ሥራ ካላገኙ እንደማይመለሱ ነግሮ የሚጨበጥ ኳስ ሰጠው። ፈቃዱ ሁለት ቀን ጨበጠውና ሶፋ ሥር ጣለው።

ሴት ልጁ ሀሴት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን በፌስታል ይዛ መጣች። ፈቃዱ ዕቃውን ገልብጦ ብሎኖቹን መረመረ። የአንዱ ጥርስ ተበልቷል፤ ተከፍቶ ያውቃል ማለት ነው። ከማን እንደገዛችው፣ ሰውየው ደህና ዕቃ ለምን እንደሸጠ ጠየቃት። መልሷ አላጠገበውም፤ እሷ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታ የመኪና እሽቅድምድም ከፈተችለት።

መጀመሪያ መኪና መምረጥ ነበረባቸው። ሀሴት ዝቅ ያለች ብርማ የውድድር መኪና ወሰደች። ፈቃዱ የሚያብረቀርቁትን ሁሉ ገላምጦ አለፈና አንዲት አሮጌ ኮሮላ ላይ ቆመ። በጎልማሳነቱ ስንቷን ፈትቶ ገጥሟል። የማያውቀውን መኪና እንደማይነዳ ተናገረና እሷን መረጠ።

የመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳ መግጨት ብቻ ሆነ። አውራ ጣቱ ከጆይስቲኩ ላይ ይንሸራተታል፤ ፍሬን ሲል ነዳጅ ይሰጣል። ጌሙ ግን ለተሸነፈም ትንሽ ነጥብ አይነፍግም፤ በነጥቡ ዕቃ ይቀየራል። ፈቃዱ ባገኘው ነጥብ ወዲያው ትልቅ ሞተር አስገባባት። ኮሮላዋ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ከመንገድ ወጣች። አፈረ። ሞተር ከመነካካቱ በፊት ፍሬኑን እንዲያስተካክል ስንቱን ሹፌር የመከረ ሰው ነው። ሞተሩን አወጣ። ፍሬን ቀየረ፣ ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ ሱስታ፤ ወንበሮቿን አስወጥቶ ክብደቷን ቀነሰ። ሞተር የጨመረላት ከሁሉ በኋላ ነው። ያኔ ኩርባውን ተጣብቃ መዞር ጀመረች።

በሦስተኛው ሳምንት ሀሴትን አሸነፋት። በማግስቱ ደገማት። አምስተኛው ድል ላይ ሲደርስ ደስታው ቀዘቀዘበት።

አንድ ነገር አልጣመውም። ቀጥታው መንገድ ላይ ብርማዋ ጥላው መሄድ ነበረባት፤ አትሄድም። ኩርባ ላይ ኋላዋ ይንሸራተታል። ሀሴት ደግሞ ስትሸነፍ ትስቃለች። ይቺ በገበጣ ተሸንፋ እንኳ ጠጠሩን የምትበትን ልጅ ናት። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ሆና ከሳሊህ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማት፤ ደስ ብሎታል፣ ብቻ እንዳይነቃ ትላለች። እሱን ስታይ ወሬውን ወደ ኪኒኑ አዞረችው። ቦንቱን ቢጠይቃት፣ “ማሎ፣ ካሸነፍክ አሸነፍክ ነው፤ ምን ትመረምራለህ?” አለችውና ዓይኗን ሰበረች። ፈቃዱ ይህን ዓይን መሰበር ያውቀዋል። ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቆሙ ሹፌሮች ሁሉ አላቸው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሀሴት ሥራ፣ ቦንቱ ገበያ እንደሄዱ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። የሀሴትን ጋራዥ እስኪያገኝ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ብርማዋን አቆመና እንደ ሥራው ልማድ ከጎማ ጀመረ። የዝናብ ጎማ ነው፤ የሚወዳደሩት ደግሞ በደረቅ መንገድ ነው። ፍሬኑ ሆን ተብሎ ወደ ኋላ ጎማዎች እንዲያደላ ተደርጓል። ሞተሩ ጉልበቱ ተቀንሷል። ከኋላ መቶ ሃምሳ ኪሎ ትርፍ ጭነት ተጭኗል። ፈቃዱ ደሙ ፈላ። ከመሳቢያ ወረቀት አወጣ፤ ጉድለቶቹን አንድ በአንድ ጻፈና ከሥር “ምርመራውን አላለፈም” ብሎ ፈረመበት። ወረቀቱንም ቴሌቪዥኑ ላይ ለጠፈው።

ቀድማ ያየችው፣ ገና ለጥፎ ሳይቀመጥ ከገበያ የገባችው ቦንቱ ናት። ይዘቱን አላነበበችም፤ ፊደሉን ነው ያየችው። ጠማማ ነው፣ ግን ይነበባል። በየትኛው እጁ እንደጻፈው ጠየቀችው። ፈቃዱ እጆቹን ተራ በተራ አየ። በንዴቱ ልብ አላለውም እንጂ እስክሪብቶው ያለው ቀኝ እጁ ውስጥ ነው።

ያም ሆኖ ሀሴት ስትገባ ንዴቱ አልበረደም። ወረቀቱን አንብባ ጨረሰች።

“ማንን ለማታለል ነው?” አላት።

“ላታልልህ አይደለም አባዬ። ከሆስፒታል ከወጣህ ጀምሮ አንገትህን እንደደፋህ ነው። አንድ ነገር እንድታሸንፍ ፈለግኩ።”

“አዝነሽ ያሳለፍሽኝ መንገድ ለእኔ መንገድ አይደለም። መኪናሽን አስተካክይና ነይ።”

አስተካከለችው። ከዚያ ወዲያ ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ፈቃዱ ብርማዋን ከጎማ እስከ ካምቢዮ ሳይፈትሽ አይጀምርም። ከዚያ ወዲያም አላሸነፈም። አሥራ አንድ ጊዜ ተሸነፈ። ቦንቱ አንጀቷ ስላልቻለ ልጅቷን አንዴ እንኳ እንድትለቅለት በጓዳ ለመነቻት፤ ፈቃዱ ልመናውን ሰምቶ ፍተሻውን አጠበቀ።

ለትንሣኤ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከጸሎት ቤት እንደተመለሱ፣ መጨረሻው ኩርባ ላይ ሀሴት ፍሬን ስትይዝ ኮሮላዋ በውስጥ በኩል ሾልካ በአፍንጫ ቀደመች። ፈቃዱ ቴሌቪዥኑን ትቶ የልጁን ፊት ነበር የሚያየው። ፊቷ ቀላ። ገፍቶኛል ብላ ተነሳች፤ የኩርባውን ቅጂ መልሳ ሦስት ጊዜ አየችው። አልገፋትም። ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወርውራ መኝታ ክፍሏ ገባች፤ ምሳም አልበላም አለች።

ቦንቱ ልጅቷን አስቀየምካት ብላ ወቀሰችው። ፈቃዱ ከጥር ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ሆኖም በማግስቱ ብቻውን ሲሆን ጋራዡን ከፈተ። ጭነት የለም፣ ፍሬኑ ልክ ነው፤ እንዲያውም ለእሑዱ ውድድር ያስገባችው የተሻለ ጎማ እንዳለ ነው።

ሀሴት እስከ ረቡዕ ኮስተር ብላ ቆየች። ረቡዕ ከሥራ እንደገባች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የእሱን ጆይስቲክ ከእጁ ወሰደችና፣ ዛሬ መጀመሪያ የምትፈተሸው ኮሮላዋ ናት አለችው። ፈቃዱ ለስንት ሰው ያዘዘውን ትዕግሥት ለራሱ አጣው፤ እያንዳንዱን ዕቃ ስትከፍት ከጎኗ ቆሞ ሕጋዊ ነው፣ ሕጋዊ ነው እያለ ሲከራከር ቦንቱ እራት አቀረበች።