ጋሽ ዘይድ ገዝተው የጨረሱት ሸክላ

ከጅቡቲ ዳርቻ ከባልባላ ሰፈር ወደ መሐል ከተማ በምትወርደው ሚኒባስ ውስጥ ከስርጉት ጎን የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ ስልካቸውን ጭኗ ላይ ጣል አደረጉና፣

«አንቺ ልጅ፣ መልክሽ የኛ ነው። ፈረንሳይኛ ታነቢያለሽ?» አሏት።

«አነባለሁ አባባ። መልኬ የናንተ ባይሆንስ ኖሮ?»

«ያኔ በሶማሊኛ እጠይቅሽ ነበር፤ ምን ቸገረኝ!»

የስርጉት አያት በባቡሩ ዘመን ጅቡቲ የገቡ ፉርጎ ጠጋኝ ነበሩ። እሷ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ወደብ አጠገብ ካለ የትራንዚት ቢሮ የዕቃ ሰነድ ስታገላብጥ ትውላለች። ቅዳሜ ስለነበር የሚያጣድፋት ነገር አልነበረም። ጨዋታ ደግሞ ከማንም በላይ ትወዳለች። ስልኩን አንስታ አነበበችላቸው።

የአንድ የፓሪስ ጨረታ ቤት ማስታወቂያ ነበር። የሚሸጠው የሙዚቃ ሸክላ ነው፤ ትንሿ፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን ብቻ የምትይዘው። ዘፋኝ፣ ውዳድ፤ ድሬዳዋ። የመጀመሪያ ህትመት፣ መሐሉ ላይ ቀይ ወረቀት ያለው፣ ከነሽፋኑ። ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ለራሱ ያስቀረው ቅጂ ነው፤ ከዚህ ሌላ መኖሩ የታወቀ የለም። «በጣም ጥቂት ቅጂ ብቻ ሳይታተም አልቀረም» ይላል መጨረሻው።

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ውሸት ነው» አሉ። «መጀመሪያ ስምንት መቶ ታተመ። ቀጥሎ ስድስት መቶ።»

«ታዲያ የት ገባ?»

«ገዝቼ ጨረስኩት።»

ስርጉት ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ስማቸው ጋሽ ዘይድ ነው። ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ሽርጥና ድሪያ፣ ያን ሰፊ የሶማሌ ሴቶች ቀሚስ፣ ይሸጣሉ። ዘፋኟ ታናሽ እህታቸው ናት። ጨረታው በዚያው ዕለት ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከፓሪስ ሊደውሉላቸው ተቀጣጥረዋል። በፈረንሳይኛ ሊያናግርላቸው የነበረው የልጃቸው ባል ባሺር ደግሞ የጭነት መኪናው ከከተማው መውጫ ፔካ 12 ላይ ተበላሽቶበት ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ቀርቷል።

«አፍ አጥቼ ነው የወጣሁት» አሉ። «ለአንድ ሰዓት አፍ ሁኚኝ።»

ስርጉት ቤት ያስቀመጠችውን ልብስ አጠባ አሰበችና፣ ልብሱ የትም አይሄድም ብላ አብራቸው ወረደች።

ሱቁ ጠባብ ነው። ጋሽ ዘይድ ቬንቲላተሩን ወደ እሷ አዙረው፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ በጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጡ። እስከ አሥር ሰዓት ብዙ ጊዜ ነበር። ስርጉትም መጠየቅ አያሳፍራትም።

«እህትዎ የዘፈኑትን እርስዎ ለምን ገዝተው ጨረሱት?»

ነገሩ ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው። አባታቸው ሐጂ አብዱላሂ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ጨርቅ የሚያመላልሱ ስመ ጥሩ ነጋዴ ነበሩ። ውዳድ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ከርማ ስትመለስ፣ ለቤተሰቡ ትንፍሽ ሳትል ሸክላ አስቀርጻ ኖሯል። ሽፋኑ ላይ ሻሿን ወደኋላ ጣል አድርጋ ትስቃለች። ያ ፎቶ ሳምንት ሳይሞላው የመጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ ታየ።

«አባቴ አልጮኹም» አሉ ጋሽ ዘይድ። «ነጋዴ ናቸው፤ እንደ ነጋዴ አሰቡ። ‹ዕቃ ከገበያ የሚጠፋው ተከልክሎ አይደለም፣ ተገዝቶ ነው› አሉና ገንዘብ ሰጥተው ላኩኝ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ባቡር መሳፈር ብቻ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ፣ ናዝሬት፣ አዋሽ፣ ድሬ፣ እዚህ ጅቡቲ፤ ሸክላ የሚሸጥበት ቤት አንድ አልቀረኝም። ሙዚቃ ቤቱ ለማስተዋወቂያ በነጻ ከሰጣቸው ቡና ቤቶች ሳይቀር እየለመንኩ ገዛሁ።»

ሙዚቃ ቤቱ ይህን ከየት ይወቅ? ስምንት መቶው በሁለት ወር ድራሹ ሲጠፋ ሕዝብ ወደደው ብሎ ስድስት መቶ አስደገመ። ሐጂም ልጃቸውን ደግመው ላኩ።

«ውዳድስ?»

ጋሽ ዘይድ የሽርጡን ጫፍ በጣታቸው መጠቅለል ጀመሩ።

«ውዳድማ መጣች። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ‹ዘይዶ፣ አልቋል አሉኝ እኮ! አዲስ አበባ የለ፣ ድሬ የለ፣ ጅቡቲ የለ! ሌላ ሸክላ አውጪ ብለውኛል!› ትለኛለች። ሸክላዎቹ እኔ ከቆምኩበት ግድግዳ ወዲያ ተደርድረዋል። እኔ ምን አልኩ? ‹ማሻአላህ› አልኩ።»

ስርጉት ቬንቲላተሩን መልሳ ወደ እሳቸው አዞረችው።

«ማፍረሱ ደግሞ የባሰ ነው» ብለው ቀጠሉ። «አባቴ ዕቃ መጣል አይወዱም። ሸክላ እንደሆነ በጅቡቲ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ሲውል እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ ጣሳ ላይ ደፍተሽ ስትጫኚው ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይወጣዋል። የመሐሉን ቀዳዳ በሰም ደፍነን ለጣፋጭ ማቅረቢያ ሸጥነው። ጥሩ ተሸጠ፣ ወላሂ! አንድ ቀን ድሬዳዋ ጎረቤት ሰርግ ላይ ለውዳድ በዚያ ሳህን ሐልዋ አቀረቡላት። በላች። ሐልዋው ሲያልቅ ታች ቀይ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ስሟ።»

«ወይኔ…»

«ቤት መጣች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ፣ ‹ከናንተ ሌላ አንድ ሰው ገዝቶታል?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ? ሰው እስኪገዛው መቼ ጠበቅን!»

ከዚያ ወዲህ ውዳድ አልዘፈነችም። አገባች፣ ወለደች፣ አሁን ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ውስጥ የልጅ ልጅ ታሳድጋለች። ለቅሶ ላይ ሲገናኙ እንኳ ለወንድሟ እጇን አትሰጥም።

«ሳህን ማድረጌን ይቅር ትለኝ ነበር» አሉ ጋሽ ዘይድ። «ማሻአላህ ማለቴን ነው ያልማረችኝ። ባለፈው ወር ሐኪም ልቤን አየና መንገድ አታብዛ አለኝ። የማበዛው የለኝም፤ አንድ መንገድ ነው የቀረኝ፣ ድሬ። ግን ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ? ያችን ሸክላ ይዤ ፊቷ ላስቀምጥ።»

«ስንት አስበዋል?»

«አንድ ሺህ አምስት መቶ ዩሮ። ከዚያ ወዲያ ይሄ ሱቅ ነው፣ እሱ ደግሞ የኔ ሳይሆን የልጆቼ ነው።»

ስልኩ አሥር ሰዓት አልፎ ጥቂት ቆይቶ ጮኸ። ከወዲያ ያለችው ሴት እንደ ቤተ ጸሎት ታንሾካሹካለች፤ ስርጉትም ሳታስበው ማንሾካሾክ ጀመረች። በሦስት መቶ ተከፈተ። አምስት መቶ ላይ አንዱ ተጫራች ወጣ። ስምንት መቶ ላይ ሌላው ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ጋሽ ዘይድ መቶ በጨመሩ ቁጥር እሱም ሳያመነታ መቶ ይጨምራል።

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብሏል።»

«ሦስት በይ።»

«አራት አለ።»

«አምስት መቶ በይ» አሉ፤ ድምፃቸው ሰለለ። «አለቀ እንግዲህ።»

ስርጉት ተናገረች። ከወዲያ የተሰማው መልስ አጭር ነበር።

«አንድ ሺህ ስድስት መቶ አለ፣ ጋሽ ዘይድ።»

ሽማግሌው ብድግ ብለው መልሰው ተቀመጡ። «ጠይቂልኝ፤ ማነው እሱ? ሐበሻ ነው? የኛ ዘመድ እንዳይሆን!»

ሴትየዋ ስም አልናገርም አለች። ወጣት መሆኑን፣ አዳራሹ ውስጥ መቀመጡን፣ የቁጥር ካርዱን ከተጀመረ ጀምሮ አንዴም አለማውረዱን ግን ነገረቻቸው። ከሌላው ዕቃ ሁሉ ለአንዱም እጁን አላነሳም፤ የመጣው ለዚህች ብቻ ነው።

ስርጉት ይህን ተርጉማ ስልኩን በመዳፏ ከደነችው። «መቶ ዩሮ ከኔ ይጨመር። ኋላ እንተሳሰባለን፣ እባክዎ!»

«አይሆንም» አሉ። «ተይለት።»

«ጋሽ ዘይድ…»

«ተይለት አልኩሽ።»

መዶሻው ሲመታ በስልኩ ውስጥ ተሰማ። ሴትየዋ ለሙሲዩ አዝናለሁ አለችና ዘጋች። አንዲት ገዢ በሩን ከፍታ ድሪያ ስትጠይቅ ጋሽ ዘይድ በእጃቸው ኋላ ነይ አሏት።

ስርጉት፣ «ምናልባት ሌላ ቅጂ አንድ ቦታ ይገኝ ይሆናል» አለች።

«አይገኝም። እኔ ያለፍኩበት ገበያ ነው» አሉ፤ በዚህ ጊዜ ትንሽ ፈገግ ብለው ነበር።

ሱቁን ቆልፈው እስከ ሚኒባስ መቆሚያው ሸኟት። ፀሐይዋ በርዳ ሰው ወደ ጎዳናው መውጣት ጀምሯል። ጋሽ ዘይድ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ፣ እሷም እርምጃዋን አሳጥራ ትከተላለች፤ ሸክላውን ካልያዙ እህታቸው ዘንድ መሄዳቸው ቀረ ማለት ነው ብላ ልቧ አዝኗል። የባልባላ ሚኒባስ መጣ። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አሳርፋ ዞር አለችና፣ «እንግዲህ ድሬዳዋ ቀረ?» አለቻቸው።

«ለምን ይቀራል?» አሉ። «ሐሙስ ባቡር አለ። ገብቼ ገና ሳልቀመጥ እነግራታለሁ፦ ‹ውዳድ፣ ሸክላሽን ቅዳሜ ዕለት ከኛ ሌላ ሰው ገዛው። እኔም ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም።›»