የወረታ ሩዝ ቀላልኝ

ዛሬ ጠዋት ዩኒቨርሲቲያችን ፔዳ ግቢ ላብራቶሪ ውስጥ ጮኽሁ። ጓደኛዬ ሰሚራ እሳት የተነሣ መስሏት እየሮጠች መጣች።

እሳት አይደለም፤ ሩዜ ቀልቶ ነው።

ለማታውቁት፣ የማስተርስ ጥናቴ ሩዝ ላይ በሚያድግ ሻጋታ ነው። በሩቅ ምሥራቅ ሩዝ የሚያብላሉበት ሲሆን ለምግብ የሚሆን ቀይ ቀለም ያወጣል። የእኔው ግን ከፈዛዛ ብርቱካናማ አላልፍ አለ። አማካሪዬም "አሁንም ካልቀላ ርእስ ቀይሪ" ብለውኝ ነበር።

ችግሩ ውኃው ነበር። ሩዙን እንደ ገንፎ ስለማበስለው ሻጋታው አየር ያጣ ነበር። በዚህኛው ዙር ውኃውን ቀነስሁ፤ ፍሬው እንዳይጣበቅም በየቀኑ አራገፍሁት። ዛሬ ስከፍተው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ወዲያው ወረታ ሩዝ ለሚነግዱት አባቴ ደወልሁ።

"አባ፣ የላኩልኝ ሩዝ ቀላ!"

"አልሐምዱሊላህ! ይበላል?"

"ገና ነው። ይህ ሻጋታ አንዳንዴ መርዝም ያወጣል፤ መመርመር አለበት።"

"እንግዲያ እኔ ነጩን ልሽጥ፣ አንቺ ቀዩን መርምሪ። ሌላ ኩንታል እልክልሻለሁ" አሉኝ።

ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንባዬ መጣ።

እናንተስ፣ "በቃ ተዪው፣ ተወው" ተብላችሁ የተሳካላችሁ ነገር አለ? እስቲ አጫውቱኝ።