ሙቀት የፈራንለት ብልቃጥ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ፣ ደሴ ባለው ቤተ ሙከራ ውስጥ አራት ነበርን። ኃላፊያችን ዶክተር ይመር፤ ከደጋን የመጣችው አዲስ የዶክትሬት ተማሪ ዘሃራ፤ ሌላው አዲስ ተማሪ ናትናኤል፣ የኮምቦልቻ ልጅ፤ እና እኔ ሙሐመድ፣ ቴክኒሻኑ። ዘሃራ በማግስቱ ሙሄ ትለኝ ጀመር።

የናኖ ሕክምናን ማንም አላስተማረኝም። በአንድ ክሊኒክ የደም ናሙና እያመላለስኩ የመሣሪያ መመሪያዎችን በትርፍ ጊዜዬ አንብቤ ነው የተቀጠርኩት። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ነበረብኝ።

ሥራችን መድኃኒትን በዓይን በማይታዩ የስብ ቅንጣቶች ውስጥ መጠቅለል ነው። ቅንጣቶቹ ትንንሽና እኩል መሆን አለባቸው። የምንሠራቸው ደሴ ነው፤ የሚለካቸው መሣሪያ ግን ያለው ኮምቦልቻ ነው።

የዘሃራ የመጀመሪያ ናሙና ሦስት ሳምንት ፈጀ። የተገኘው አንድ ብልቃጥ ነው፤ ውሃ የበዛበት ወተት ይመስላል። ዶክተር ይመር "ይኼ ካልሆነ ርዕስሽን እንቀይራለን" ብለዋታል። ያንን ርዕስ ግን ከመመዝገቧ በፊት ጀምሮ ስታስብበት የቆየች ናት።

ብልቃጡን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

"ሙሄ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው። አደራ፣ እንዳይሞቅብኝ።"

"አይሞቅም።"

"አገሬን እሳት አደረጋችሁት እኮ!" አለ ናትናኤል።

ክሊኒክ የለመድኩት ለውድ ናሙና ብዙ በረዶ ማድረግ ነው። አራት የበረዶ ጥቅሎችን ከማቀዝቀዣው እንደወጡ ሳጥኑ ውስጥ ደርድሬ ብልቃጡን መሃላቸው አጣበቅሁት። ከዘሃራና ከናትናኤል ጋር በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ቁልቁለቱን ሁሉ ክዳኑን በመዳፌ ተጭኜ ወረድኩ።

ኮምቦልቻ ደርሰን ስከፍተው ብልቃጡ ውስጥ ናሙናው ከታች በረዶ ሠርቶ አየሁ። ዘሃራ ጓንት እያጠለቀች ስለነበር አላየችም። በመዳፌ ያዝኩት፤ ቀለጠ። እንደ ቀድሞው ወተት መሰለ። ምንም አልተናገርኩም።

መሣሪያው ያወጣው የቅንጣቶቹ መጠን ቁጥር የሚፈለገው አሥር እጥፍ ነበር።

"ናኖ ብለን ሽሮ ይዘን መጣን" አለ ናትናኤል።

"ያበላሸው ቀመሬ ነው" አለች ዘሃራ። ሚኒባሱ ውስጥም ደገመችው። "ቀመሬ ነው።"

ደሴ ስንመለስ ዶክተር ይመር ቁጥሩን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። "በቃ፣ ሌላ ርዕስ እንፈልግ።"

የዘሃራ ደብተር ሲዘጋ ሰማሁ።

"ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ናሙናው መንገድ ላይ በረዶ ሠርቶ ነበር።"

"መቼ አየኸው?"

"ሳይለካ።"

"ከዚያስ?"

"ዝም አልኩ።"

"ወላሂ፣ እኔ ሙቀቱን ፈርቼ…" አለች ዘሃራ። አልጨረሰችውም።

ዶክተሩ አልጮሁም። "ውሃው በረዶ ሲሆን ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ቢቀልጥም አይለያዩም። ደብተሯ ላይ በራስህ እጅ ጻፈው። ሰዓቱንም ጻፍ።"

ዘሃራ ሌላ ሦስት ሳምንት ሠራች። በሁለተኛው ጉዞ ሁለት ጥቅል ብቻ ያዝኩ፤ ስወዘውዛቸው ውስጣቸው ውሃ እስኪንቦጫቦጭ ጠበቅሁ፤ ብልቃጡን በፎጣ ጠቀለልኩት። ኮምቦልቻ ላይ ክዳኑን የከፈተችው እሷ ናት። በረዶ አልነበረም። ቁጥሩ የሚፈለገው ሆነ፤ ርዕሷም አልተቀየረም። የእኔ የሙከራ ጊዜ ግን በሦስት ወር ተራዘመ።

ለአዲስ ገቢዎች የምለው ይህን ነው። በረዶ የሠራ ናሙና ሲቀልጥ ደህና ይመስላል። ያያችሁትን ሳይለካ ተናገሩ።

ናትናኤል ጥቅሎቹ አምስት ነበሩ ይላል፤ እኔ የማስታውሰው አራት ነው። ለዶክተሩ ስናገር አቀርቅሬ ስለነበር የማንንም ፊት አላየሁም። እዚያ የነበራችሁ፣ ያያችሁትን እዚህ ጽሑፍ ላይ ጨምሩበት።