አባቴን ያጋለጥኩበት ቀን

መጀመሪያ የሰማሁት የገዛ ስሜን ነው። በሱዳን ጠረፍ አጠገብ፣ አብደራፊ በሚባል ቦታ፣ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር እነዳ ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። «አዱኛ!» አለኝ አንድ ወንድ ከኋላዬ። ዞርኩ። የታረሰ መሬት ብቻ።

በሳምንቱ ድምፆቹ ሦስት ሆኑ። «አሁን ውኃ ጠጣ፤ አሁን በር ዘጋ» እያሉ ስለ እኔ እርስ በርስ ያወራሉ። እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ ዘነበች ምግቤን የመረዘችው መስሎኝ መብላት ተውኩ። ቆላ ውስጥ ሰው ሲቃዥ የሚጠረጠረው ወባ ነውና የክሊኒኩ ድሬሰር ደሜን መረመረ። ወባ የለም። ትኩሳትም የለም።

ከዚያ ድምፆቹ «ሰርጎ ገብ ነህ፤ ተናገር» አሉኝ። በደርግ ጊዜ ያ ቃል ሰው ያስገድል ነበር። ቀበሌ ሄጄ እጄን ሰጠሁ። በመተማ በኩል ከሱዳን ለአማፂያን ደብዳቤ አመላልሳለሁ አልኩ። ከልቤ አምኜ ነው የተናገርኩት።

ሊቀመንበሩ ወረቀት አወጡ። «ግብረ አበሮችህን ጥራ።»

የመጀመሪያው አባቴ ነበር።

ስሙን ስጠራ ዘነበች ሮጣ ደረሰች። «ጋሼ፣ አባቱ እኮ ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው! እርስዎም ለቅሶ ደርሰዋል።»

«ዛሬ ጠዋት አናግሮኛል» አልኩ።

ሊቀመንበሩ መጻፍ አቆሙ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ቀደዱት።

«ልጁ ታሟል። ጎንደር ውሰጂው» አሏትና የይለፍ ደብዳቤ ጻፉልን።

የጎንደሩ ሐኪም ብዙ ጠየቀኝ። «ድምፁን ሌላ ሰው ይሰማዋል?» ሲለኝ ወደ ዘነበች ዞርኩ።

«ሕመምህ ስኪዞፍሬንያ ይባላል» አለኝ። «ርግማን አይደለም። ጥፋትህም አይደለም። ሲሻልህ ግን መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ።»

ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት አፌን አደረቀው፣ እጄን አንቀጠቀጠው፣ የቆላው ፀሐይም ቆዳዬን ይለበልበው ጀመር፤ ቢሆንም ድምፆቹ ቀስ በቀስ እየራቁ ሄደው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስሰፋ ማንም እንደማያወራብኝ ልብ አልኩ። ድኛለሁ ብዬ አንዴ ክኒኑን ብተወው በወሩ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ አላቋረጥኩም። ትራክተር ግን ዳግመኛ አልነዳሁም፤ ይህን መቀበል ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ሊቀመንበሩ ወደ በላይ አካል ቢያስተላልፉኝ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። እኚያን ሰውና ዘነበችን እስክሞት አመሰግናለሁ።

እንደኔ የሚታመም ሰው ቤታችሁ ካለ፣ «ውሸት ነው» ብላችሁ አትከራከሩት። «ፈራህ?» በሉትና አብራችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ድምፅ የምትሰማው ወንድሜ ደግሞ፣ ድምፆቹ ስለ ራስህ የሚነግሩህን ለባለ ሥልጣን ከማድረስህ በፊት ለሚወድህ ሰው ንገር።