የሮቢ ውሃ ተወቃሽ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ያንኮራፋል። እኔ ግን እንቅልፍ ከራቀኝ ሰነበተ። ዳይሬክተራችን ጠርተውኝ፣ «ከመምሪያው አንድ ሰው ይቀነሳል። ያ የማታ ትምህርትህ ትርፉን ሰው ይለያል ካልክ፣ አገር ቤት ወርደህ ሞክረውና የሚቀነሰውን ሰው ስም ይዘህልኝ ና» ብለውኛል።

የተማርኩት ዝግመተ ለውጥን ነው። ፈረንጁ አስተማሪያችን መሥሪያ ቤትም ሆነ ማኅበር እንደ እንስሳ ነው ይላል፤ አካባቢውን የተላመደ ይኖራል፣ ያልተላመደ ይጠፋል፣ ሥራ የሌለው አካል ደግሞ እየመነመነ ይሄዳል። ይህንን ለዳይሬክተሩ በኩራት ያስረዳሁት እኔው ነኝ። አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው። የማስተባበሪያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ምን እንደማስተባብር ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ጣርማ በር ላይ

ጉም፣ ብርድ፣ ገደል። መኪና ከሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገዱን ሞልተው ይንጫጫሉ። ለሾፌሩ ለጋሽ ታፈሰ ስለ ትምህርቴ ደብረ ብርሃን ቁርስ ላይ አጫውቻቸው ነበር። ጥሩንባቸውን ነፍተው ነፍተው ሲያቅታቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«በል ውረድና አነጋግርልን። ዘመዶችህ አይደሉ?»

አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ደብረ ሲና የአንድ ስሙኒ ቆሎ ገዝቼ ንዴቴን ቆረጠምኩ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ በየጥምዝምዙ ሙቀቱ ይጨምራል። መጀመሪያ ካፖርቴን፣ ቀጥሎ ኮቴን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ስገባ ክብሬን የጠበቀልኝ ከረባቴ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ፣ ቀወት

የመጣሁት ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ ማሳቸውን በየተራ የሚያጠጡ ገበሬዎች ማኅበር ዘንድ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቦይ ነው የሚያጠጣው፤ ማኅበሩም ከአያቶቻቸው ጀምሮ አልፈረሰም። ተራውን የሚያዙት የውሃ ዳኛው አቶ ደምሴ ናቸው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቁጡ ሰው። ከአንድ ትልቅ ሮቃ ዛፍ ሥር ደግሞ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ቁጭ ብለዋል። ምንም አይሠሩም።

እኔ እያየሁ እትዬ ዘነቡ የተባሉ ሴት ዶማቸውን እንደተሸከሙ እየጮኹ መጡ።

«አንቱ ሰውዬ! ዓይን የለዎትም? ማሽላዬ ግማሹ ሳይጠጣ ውሃው ይዘጋ?»

ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፉ። «አጠፋሁ እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሴትዮዋ ትንሽ ጨምረው ጮኹ፣ ተነፈሱ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባለቤትዎ ደህና ናቸው?» ብለው ጠይቀው ሄዱ።

«ውሃውን የዘጉት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ ቦዩ ዘንድ ደርሼም አላውቅ! እኔ ተወቃሽ ነኝ።»

ለካ በዚህ አገር ዳኛው ላይ መጮኽ ክልክል ነው። ውሃ ያነሰው ሁሉ ተወቃሹን ይሰድባል፤ ተወቃሹም ለዚህ ድካሙ በመኸር ጊዜ ከየአውድማው ማሽላ ይሰፈርለታል። ደስታዬን አልደብቅም፤ ትርፍ አካል በዓይኔ አየሁ! ለአቶ ደምሴ ስለሚመነምን ጅራት ረጅም ትምህርት ሰጠሁ። እንግዳ ማሳፈር ከበዳቸው መሰል፣ «ካልክ እንግዲህ፣ ጋሽ ሰይድ ነገ ይረፉ» አሉ።

ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ማሽላዬን ልትቆርጥብኝ ነው ከአዲስ አበባ የመጣኸው?»



ረቡዕ፣ እዚያው

ጠዋት አንዱ ጎረምሳ ውሃ አንሶት መጣ። ሮቃው ሥር ማንም የለም። ቢቸግረው አቶ ደምሴ ላይ ጮኸ። አቶ ደምሴ ተቆጥተው ቦዩን ለሁሉም ዘጉት። ከዚያ የታችኛው መንደር ወጣ፣ የላይኛው ወረደ፣ ዱላም መታየት ጀመረ።

«ተወቃሹን ማነው ያስነሳው?» አለ አንዱ።

ከረባት ያሰርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ፍለጋው አልከበዳቸውም። ወደ ኋላ ስሸሽ ጀርባዬ ሮቃው ላይ አረፈ። ስድቡ በአማርኛም በኦሮምኛም ወረደብኝ። ስለ ዝግመተ ለውጥ ላስረዳ ስጀምር ባሰባቸው። ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ጋሽ ሰይድ ከጎን ሆነው ያርሙኛል፦

«መልስ አትስጥ! አንገትህን ዝቅ... ኧረ እሱን ከረባት ፍታው፣ ኩራት ይመስላል!»

«ጥፋቱ የኔ ነው!» አልኩ በመጨረሻ።

ዱላው ትከሻ ላይ ተመለሰ፤ አቶ ደምሴም እየተነጫነጩ ቦዩን ከፈቱ። እትዬ ዘነቡ አንድ ፓፓያ አስይዘውኝ፣ «እናትህ ደህና ናት?» አሉኝ። ጋሽ ሰይድም አቧራቸውን አራግፈው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። «ለጀማሪ ክፉ አልነበርክም» አሉኝ።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ቢሮ የገባሁት የማቀርበው ስም ሳይኖረኝ ነው። የራሴን ስም ልናገር ቆርጬ በሩን ከፈትኩ። ዳይሬክተሩ ግን አፌን እንኳ አላስከፈቱኝም፤ የበላይ አለቆቻቸው ተቆጥተዋቸው መመለሳቸው ነበር። ስለጠፋ ፋይል፣ ስለዘገየ ደመወዝ፣ ስለሚያፈስ ጣሪያ ጮኹብኝ። አንዱንም አላውቀውም። ከረባቴን ላላ አድርጌ አንገቴን ደፋሁ።

«አጠፋሁ ጌታዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ትንሽ ጨምረው ጮኹ። ተነፈሱ። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ» አሉኝ፣ «እናትህ ደህና ናት?»

ጠረጴዛዬ መትረፏን ያን ጊዜ አወቅሁ።